ያልተነካው ሳር

የእንስሳት ሐኪሙ ነጩን ወንድ ጥንቸሏን አኮላሽቶ ሲያስረክባት፣ «ቁስሉ ይድናል፤ እኔን የሚያሰጋኝ ሆዱ ነው» አላት። «ካልበላና በጠጥ ካልጣለ አንጀቱ ሥራ ያቆማል። እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ምንም ካላየሽ ይዘሽው ነይ፤ ከዚያ በላይ አይቆይም።»

ሲነጋ ሳጥኑን ከፈተች። ማታ ያኖረችለት ሳር እንዳለ ነው፤ ወለሉ ላይ አንዲት በጠጥ የለችም። በሦስት ሰዓትም ያው፣ በአምስት ሰዓትም ያው። ጥንቸሉ ጆሮውን አጥፎ ጥግ ላይ ኩርምት ብሏል።

«ርኩስ ነው፣ ቤት አታግቡት ብዬ ነበር» አሉ አማቷ፣ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ እንደያዙ። «እኔ እንደሁ በእጄም አልነካው።»

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ባጃጅ ልትጠራ ወጣች። አስፋልቱ ጋ ስትደርስ ስልኳን መርሳቷ ትዝ አላትና እየሮጠች ተመለሰች።

አማቷ ሳጥኑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ጥንቸሉ ነጠላቸው ላይ ተዘርግቶ የጎመን ቅጠል ከእጃቸው ይቆረጥማል። አጠገባቸው መጥረጊያና በጠጥ የሞላ አሮጌ ቆርቆሮ አለ፤ በበላው ፋንታ ሳጥኑ ውስጥ የሚተኩት አንድ እቅፍ ሳርም እግራቸው ሥር ተቀምጧል።

«ብላ የኔ ጌታ» ይሉታል። «ከትናንት ጀምሮ ስትበላ ማንም አላየህ።»

ቀና ሲሉ አዩዋት። ጥንቸሉን ግን አልለቀቁትም።

«አደራሽን ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ለነፍስ አባቴ እንዳትነግሪብኝ።»