የከማለዲን ቀኝ እጅ

በ1982 እንጦጦ ላይ፣ ባህር ዛፉ መሃል ባለችው የባህር ኃይል የሬዲዮ ጣቢያ፣ የጠላት ጀልባዎችን ምስጢራዊ መልእክት እየጠለፍን እንፈታ ነበር። የመርከብ ሬዲዮ ሠራተኛ የነበረው ጓደኛችን ከማለዲን ምጽዋ ላይ ከነመርከቡ ሲነድ፣ የተቆረጠ ቀኝ እጁ ብቻ በጥይት ሳጥን ተልኮልን ቀበርነው።

በማግስቱ ጠዋት ሬዲዮው መምታት ጀመረ። እኛ ላኪውን የሞርስን አጭርና ረጅም ድምፅ በሚመታበት አኳኋን እናውቀዋለን። የከማለዲን ምት እንደ አንካሳ እርምጃ ይጎተታል።

«እሱ ነው!» አልኩ።

«ትናንት ቀብረነው የለ? እርምህን አውጣ!» አለኝ አለቃዬ ፀሐዬ። መልእክቱን ፈታ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ አነበበልኝ።

«ቀኝ እጄ ደህና ነው። የማንን ቀበራችሁ?»

መልስ ልልክ ወደ ሞርስ መምቻው ቀኝ እጄን ዘረጋሁ። መምቻው በደም ተነከረ። ከአንጓዬ በታች ቀኝ እጅ የለኝም።