ሦስት መቶ እንግዳ በአንድ መጥበሻ

«ከዋሸሁ ይህ እሳት ይብላኝ!» ይላል ሰብስቤ፣ አራተኛውን እንቁላል መጥበሻው ውስጥ እየሰበረ። «ቢሾፍቱ፣ ሐይቁ ዳር ያለው ሪዞርት። መብራት ድርግም አለ። ሦስት መቶ ሰው ራት ይጠብቃል። በአንድ መጥበሻ፣ ብቻዬን፣ ቁንጣን እስኪይዛቸው አጠገብኳቸው!»

ቡታጋዙን ከማድ ቤት አውጥቶ ጠረጴዛው መሃል የጎለተው ሆን ብሎ ነው። እንግዶቹ፣ ያደታና ሚስቱ ዱሬቲ፣ እዚሁ አዳማ መናኸሪያው አጠገብ ቁርስ ቤት ሊከፍቱ ነው፤ አብሳይ ይፈልጋሉ። እጁን በዓይናቸው ይዩታ!

ሥራ ከፈታ ስምንት ወሩ ነው። ቤቱን የያዘችው ሚስቱ ሸዋወርቅ ናት። አሁንም ከምትሠራበት ሆቴል ገብታ፣ ያበጠ እግሯን ዘርግታ፣ ግድግዳውን ተደግፋለች። ይህን ሥራ ይያዝ እንጂ፣ ነገ ጠዋት «ተኚ፣ እኔ አለሁ» ይላታል።

«ጋሽ ሰብስቤ፣» ይላል ያደታ፣ «በስልክ ሁለት መቶ ነበር ያሉኝ።»

«ሕፃናቱን ሳልቆጥር ነዋ!»

ዱሬቲ አፏን ይዛ ትስቃለች።

አምስተኛው እንቁላል መጥበሻው ላይ ጧ ይላል። የገማ ነው። ሽታው ሞጆ ሳይደርስ አይቀርም። ሽንኩርቱ፣ ቃሪያው፣ አራቱ ደህና እንቁላሎች፣ ሁሉም አብረው ጠፉ። ዱሬቲ ተነስታ መስኮት ትከፍታለች።

«የዶሮዋ ጥፋት ነው!» ይላል ሰብስቤ። ማንም አይስቅም።

ሸዋወርቅ ጉልበቷን ይዛ ትነሳለች። መጥበሻውን ደጅ ደፍታ፣ አጥባ ትመለሳለች። የተረፉትን እንቁላሎች አንድ በአንድ ሲኒ ውስጥ ትሰብራለች፤ አሽትታ፣ ወደ ሳህን ትገለብጣለች። ደግሞ ሌላውን። ዓይኗ ሊከደን ምንም አልቀረው፤ እጇ ግን አይሳሳትም።

ያደታ ሰብስቤን ማየት ትቷል። የሚያየው እጇን ነው።

«ሸዋዬ፣» ይላል ሰብስቤ ላቡን እየጠረገ፣ «ምስክሬ አንቺ ነሽ። ያን ቀን እዚያው ነበርሽ። ንገሪያቸው እንጂ!»

ሸዋወርቅ ዘይቱን ጠብ ታደርጋለች። እስኪግል ትጠብቃለች።

«ሠላሳ ሰው ነበር፣» ትላለች ቀና ሳትል፣ በቀስታ። «እሱ በር ላይ ዘበኛ ነበር። የጠበስኩት እኔ ነኝ።»