ቀይ ክር ያለበት ገመድ

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ ቦታ አለ። ተቀመጡና ስሙኝ፤ ታናሽየዋ አሁን አለቱ መሃል ላይ ናትና እስክንደላደል ቆማ አትጠብቀንም።

ታላቅየዋ ከሥር ናት። አንድ ሰው እንደ ምንም በሚያስቆም ጠባብ ጠርዝ ላይ፣ ጀርባዋን ለገደሉ ግድግዳ ሰጥታ ገመድ ይዛለች። የገመዱ አንድ ጫፍ በእሷ ወገብ ላይ፣ ሌላው በእህቷ ወገብ ላይ ታስሯል። እህቷ ገመዱን አለቱ ላይ በተተከሉ ብረቶች ውስጥ እያስገባች ስትወጣ በልኩ ትለቅላታለች፤ ብትወድቅ ቀጥ አድርጋ ትይዛታለች። ሥራዋ ይኸው ነው። ክፋቱ፣ ሥራ የያዘው እጇ ብቻ ነው፤ ልቧ ቦዝኗል።

«እትዬ! ጫማሽ እኮ መንገዱን ያውቀዋል!» ትላለች ታናሽየዋ ከላይ፣ እየሳቀች።

ጫማው የታላቅየዋ ነበር። ጣቷን ሲቆነጥጣት ጊዜ «ለልምምድ ይሆንሻል» ብላ የሰጠቻት ነው። መንገዱንስ የት አባቱ አውቆት! ጫማው የሚያውቀው እስከዚህ ድረስ ያለውንና መመለሻውን ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በዓመት አንዴ፣ ታላቅየዋ እዚህ ልሙጥ አለት ድረስ ትወጣለች፤ መሃሉ ላይ ጉልበቷ ይብረከረካል፤ ትወርዳለች። ከአለቱ በላይ ያለው ቀላል ነው ይላሉ። በእጅም በእግርም እየቧጠጡ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ከዚያ የተራራው ጫፍ። ይላሉ እንጂ እሷ አላየችውም።

ታናሽየዋ መጀመሪያ የመጣችው ገመድ ያዥ ሆና ነው። ፋርማሲ ውስጥ ቆማ የምትውል ልጅ፣ ከፍታ ምን እንደሆነም አታውቅም ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ከሥር ሆና «አይዞሽ እትዬ» ስትል የነበረች እሷ ናት። ዛሬ ጠዋት ግን ገመዱን ሲፈቱ፣ «ዛሬ እኔ ልቅደም፤ አንቺ ይደክምሻል» አለች። ይደክምሻል! ያቺ ቃል እስካሁን ታላቅየዋ ጉሮሮ ላይ እንደ እሾህ ተቀርቅራለች።

ታላቅየዋ ልብስ ሰፊ ናት። ገመዱን የገዛች ዕለት ግማሹ ማለቁን ዓይን ሳያይ እጅ እንዲያውቀው ብላ መሃሉ ላይ ቀይ ክር ጠምጥማ ሰፍታበታለች። በእሷ ሦስት ሙከራ ያ ክር አንድ ቀን እንኳ ከገመድ ያዧ እጅ አልፎ አያውቅም።

አሁን ክሩ መዳፏ ውስጥ ገባ። ሻከር ብሎ ተሰማት። ጨበጠችው።

«እትዬ፣ ገመድ!»

ገመዱ አልተንቀሳቀሰም።

«እትዬ፣ ገመድ ልቀቂልኝ እንጂ! ጨረስኩት እኮ፣ ሁለት ክንድ ብቻ ነው የቀረኝ!»

«ተይዟል!» ትላለች ታላቅየዋ። አፏ ነው ያለው። «ድንጋይ ይዞታል!»

ድንጋይ የለም። ያሉት አምስት ጣቶች ናቸው።

ምን ፈልጋ ነው? እንድትወድቅ? ኧረ አፌን ይቁረጠው! አንዴ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ያቺ ልጅ «አልቻልኩም» ስትል መስማት ነው የፈለገችው። ከዚያ ትለቅላታለች። ከዚያማ «አይዞሽ» ትላታለች።

ታናሽየዋ ግን «አልቻልኩም» አላለችም። «እሺ፣ ግድ የለም። እወርዳለሁ» አለች።

ግራ እግሯ ከአለቱ ተነስቶ ወደ ታች መዳሰስ ጀመረ። እዚያ ቦታ ሲወርዱ የእግር መርገጫው እንደማይታይ ከታላቅየዋ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሦስቴ ወርዳበታለች። እሷ ስትወርድ ግን ገመዱን ያስገባችበት ብረት እቅፏ ሥር ነበር። አሁን የመጨረሻው ብረት ከእህቷ እግር በታች ርቆ ቀርቷል፤ ብትንሸራተት፣ ገመዱ ቀጥ ብሎ ሳይዛት ከሥሯ የወጣው ሹል ቋጥኝ ነው የሚቀበላት። የጫማው አፍንጫ አለቱን ይፈትገዋል። ጠጠር ተፈነቀለና በታላቅየዋ ጆሮ ሥር እየነጠረ ወደ ገደሉ ወረደ።

«አትውረጂ!» ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «ሚጢ፣ አትውረጂ! ድንጋይ አይደለም፤ እኔ ነኝ የያዝኩት!»

እግሩ አየር ላይ ቆየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደነበረበት ተመለሰ።

«አውቄያለሁ» አለች ታናሽየዋ። «ድንጋይ አይንቀጠቀጥማ።»

«ታዲያ ምን ያስወርድሻል፣ አንቺ ልጅ?»

«ልተውልሽ ብዬ ነዋ። ሌላ ቀን አንቺ ትቀድሚያለሽ።»

ልደብቃችሁ አልችልም፣ ይሄም አስቀናት። ሦስት ዓመት ሌሊት ሌሊት የምታልመውን ነገር ይቺ ልጅ እንደ ተረፈ ጉርሻ ልትተወው መቻሏ! ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ከንዴት ይሁን ከሌላ እሷም አልለየችውም። ቢሆንም ጣቶቿ አንድ በአንድ ተፈቱ። «ውጪ» አለች። «ውጪ አንቺ ፍየል፣ ሳላብድ!»

ከላይ ሳቅ መጣ። ገመዱ ተሳበ፤ ታናሽየዋ አለቱ አናት ላይ ወጥታ የተረፈውን ትስብ ጀመር። ቀይዋ ክር ከመዳፏ ወጣች፤ አለቱን እየታከከች፣ ታላቅየዋ ደርሳ የተመለሰችበትን ስንጥቅ አልፋ፣ እንደ ጉንዳን ትንሽ እስክትመስል ሽቅብ ሄደች፤ ከአለቱ አናት በላይም ተሰወረች።

ጥቂት ቆይቶ የተረፈው ገመድ ሁሉ ወደ ላይ ተሰበሰበና ታላቅየዋ ወገብ ላይ ደርሶ ጠበቅ አለ።

«ነይ እትዬ! ይዤሻለሁ!»

ሁለት እጇን አለቱ ላይ አሳረፈች። ቀዝቃዛ ነው። ጉልበቷ እንደ ልማዱ መብረክረክ ጀመረ። ወገቧ ላይ ያለው ገመድ ግን ተወጥሮ ጸጥ እንዳለ ነው፤ ከላይ የያዘው እጅ አይንቀጠቀጥም።

ጫፉ ላይ ደረሰች ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ይልቅ ያቺን ቀይ ክር፣ ከጡጫ ወጥታ ብቻዋን አለቱን ሽቅብ ስትሄድ፣ እሷን አስታውሱልኝ ልጆቼ፤ አደራ።