መቅጃው የሰማው

ተመራማሪዋ በነፃ የትምህርት ዕድል ለዶክትሬቷ የምትሠራው ጥናት እናቶች ለሕፃናት የሚያወሩትን በአምስት አገሮች ያነጻጽራል። ቀኑን እንዲቀዳ ከትታው ከአንድ ጨቅላ ሰደርያ ኪስ ያወጣችውን የድምፅ መቅጃ ስታዳምጥ ክው አለች። እናቱ ቀኑን ሙሉ፣ «አንተ አስቀያሚ! ምናምንቴ! ማን ይፈልግሃል?» ትለዋለች።

ትደበድበው ይሆን? ለሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት የጥቆማ ደብዳቤ ጽፋ፣ በቦርሳዋ ይዛ ወደ እናትየዋ ቤት ተመለሰች። ሕፃኑ ወፍሯል፤ ገላው ላይ ጭረት እንኳ የለም። «እንደምመጣ ስለምታውቅ ነው» ስትል አሰበች።

«እህቴ፣ አንድ ቀን እንኳ ‹የኔ ማር› አትይውም?» አለቻት።

እናትየዋ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መቅጃ በመዳፏ ሸፈነችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ከሱ በፊት የወለድኳቸውን ሦስቱን እንደዚያ ነበር የምላቸው። አንዳቸውም ዓመት አልደፈኑልኝም።»