የማይኩ ገመድ

«በእበታም እጅህ ኮምፒውተሩን እንዳትነካ!» ብሎ በክፍሉ ልጅ ሁሉ ፊት በጥፊ ያጮለኝ ናሁሰናይ ነው። በ1997 ጥር ላይ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለን። እኔም ትምህርቴን በዚያው ተውኩ።

ዘንድሮ በአንድ የቴክኖሎጂ ጉባኤ ላይ ንግግር እንደሚያደርግ ሰማሁና በበጎ ፈቃድ አስተናጋጅነት ተመዘገብኩ። ከመድረኩ ጀርባ ማይክ እንዳስርለት ተላክሁ።

«ቀስ በል ወንድሜ» አለኝ፣ ፈገግ ብሎ።

ገመዱን አንገቱ ላይ ጠምጥሜ ሳብኩት። ዓይኑ ፈጠጠ፤ በጉልበቱ ወደቀ።

«ዘጠነኛ ክፍልን ረሳኸው?» አልኩት።

«አልረሳሁም! ስፈልግህ ነው የኖርኩት። ስለ እግዜር ብለህ ይቅር በለኝ!»

እጄ ላላ። ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩት ይችን ቃል ነበር።

እያለቀሰ እግሬን አቀፈ። «ገረመው፣ ያ የሰበርኩት ክንድህ ዳነልህ?»

ገረመው ከኋላዬ ይቀመጥ የነበረ ልጅ ነው።

ገመዱን ለቀቅኩና ወጣሁ።