ያንብበዋ!

ነገሩን ሁሉ ያመጣው ሙጫ እንዳይንጠባጠብ ጠረጴዛ ላይ የተነጠፈ የትናንት ጋዜጣ ነው። ሴትየዋ የሶፋ ልብስ ልትቆርጥ መቀሷን ስታነሳ ፎቶውን አየችው። ባሏን የገደለው ሰውዬ ነው። ፈገግ ብሏል። ከስሩ «ታራሚው በአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አንደኛ ወጣ፤ ቅዳሜ ይሸለማል» ይላል።

መቀሷን ጋዜጣው ላይ ወረወረችው።

«ዓይኑን በጨው አጥቦ ይስቃል!» አለች። «የኔ ባል አፈር ለብሶ፣ እሱ ካባ ሊለብስ!»

ሰውዬው የዚሁ የእንጨት ሥራ ቤት ዘበኛ ነበር። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ የሚቀመጥ፣ ኩሩ ሰው። ከአስራ አንድ ዓመት በፊት ባሏ ከሥራ አባረረው። በሳምንቱ ባሏ ከመጋዙ አጠገብ በመሮ ተወግቶ ተገኘ። መሳቢያው ውስጥ ደብዳቤ ነበር። ያገኘው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። «አባረርከኝ አይደል? ደምህን ሳላይ እንቅልፍ የለኝም። ዘበኛህ» ይላል።

ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ዘበኛው ፖሊስ ጣቢያ ቃሉን ሰጥቶ ሲወጣ፣ አውራ ጣቱ ሰማያዊ ሆኖ በዓይኗ አይታዋለች። የጻፈበት ቀለም እንኳ ገና አልለቀቀውም ብላ ምራቋን ተፋች። ፍርድ ቤት ዳኛው ደብዳቤውን ሲሰጡት ትኩር ብሎ አየው፣ ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ ከዚያ መለሰላቸው።

«ያንተ ነው?»

«እኔ አልገደልኩም።»

«ደብዳቤው ያንተ ነው ወይ ነው የምልህ!»

«እንግዲህ... እናንተ ካላችሁ» ብሎ አቀረቀረ። እንደ ማመን ተቆጠረበት።

የደብዳቤውን ኮፒ እስከ ዛሬ ከመርፌዎቿ ጋር በአንድ ቆርቆሮ አስቀምጣለች። ጋዜጣውን እስከ መጨረሻው አነበበችው። እስር ቤቱ አንድ ልማድ አለው ይላል፦ ተሸላሚ ሁሉ ሽልማቱን ከመቀበሉ በፊት፣ ከእንግዶች አንዱ የሰጠውን ወረቀት በድምፅ ማጉያ ያነባል። የመድኃኒት ማዘዣም ቢሆን ያነባል። ልማዱ ከየት እንደመጣ ግን ጋዜጣው አልጻፈም።

ሴትየዋ ቆርቆሮዋን ከፈተች።

ይህን ስታደርግ የባሏ ወንድም በሩ ላይ ቆሞ ያያታል። ሥራ ቤቱን ከባሏ ሞት ወዲህ የያዘው እሱ ነው፤ የወንድሙን ወንበር፣ የወንድሙን ኮት ሳይቀር። እሷ በገዛ ባሏ ቤት ቅጥር ልብስ ሰፊ ሆና ቀርታለች።

«እትዬ፣ ተይው» አላት። «ያለፈ ነገር ነው። ወንድሜ በዚህ አይነሳም።»

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም!»

«ኧረ ሕዝብ ፊት...»

«ሕዝብ ፊት እንጂ! የሚሸለመውስ ሕዝብ ፊት አይደል? የገዛ ጽሑፉን በገዛ አፉ ያንብበዋ!»

«እሺ፣ ወረቀቱን እኔ ልያዝልሽ።»

«እጄ አልተቆረጠም!»

ፈሪ፣ አለች በሆዷ። ወንድሙን አፈር አልብሶ ለገዳይ ያዝናል።

ቅዳሜ ግን መኪናውን አስነስቶ ወሰዳት። በር ላይ ፈታሿ ቦርሳዋን በርብራ መቀሷን ያዘች። ወረቀቱን ገለጥ አድርጋ አየችና መለሰችላት። ሴትየዋ ስቃ አለፈች። መቀሱን እንደሆን ይውሰዱት።

አዳራሹ በሰው ጢም ብሏል፤ ሙቀቱ አይጣል ነው። የባሏ ወንድም ላብ በላብ ሆኖ ኮቱን አወለቀና የወንበሩ መደገፊያ ላይ አንጠለጠለው። መድረኩ ላይ ዘበኛው ካባውን ለብሶ ቆሟል። ከስቷል፤ ፀጉሩ ሸብቷል። እሰይ፣ አለች።

የእስር ቤቱ ኃላፊ ድምፅ ማጉያውን መታ መታ አደረጉና «ከእንግዶች የሚያስነብበው ማነው?» አሉ።

ሳይጨርሱ ተነስታለች። ወረቀቱን ሰጠችው። ዘበኛው አወቃት፤ አንገቱን ደፋ አድርጎ እጅ ነሳ።

«አንብብ!» አለችው። «አንዲት ቃል እንዳትዘል!»

አነበበ። ጥርት ባለ ድምፅ፣ ከ«አባረርከኝ» እስከ «ዘበኛህ»። አንዲቷ እንግዳ «ውይ!» አለች። ሴትየዋ የሚያቀረቅርባትን ደቂቃ ጠበቀች፤ አስራ አንድ ዓመት የጠበቀቻት ደቂቃ ናት።

አላቀረቀረም። ወረቀቱን እንደገና ከላይ ጀምሮ በልቡ አነበበው። ከናፍሩ ብቻ ይንቀሳቀሳሉ።

«ይቺን ነው እንዴ?» አለ። «ዳኛው ያኔ የሰጡኝ ይቺን ነው?»

«ታዲያስ! የገዛ እጅህን ጽሑፍ ረሳኸው?»

«የማንን እጅ ጽሑፍ ነው የሚሉት እመቤቴ?» አሉ ኃላፊው ግራ ገብቷቸው። «ይህ ሰው እኮ እዚህ ሲገባ ‹ሀ›ን ከ‹ለ› አይለይም ነበር። መዝገቡ ላይ የፈረመው በአውራ ጣቱ ነው። እንዲህ ሆነው የመጡትን ስላስተማርን አይደል እንዴ ሕዝብ ፊት የምናስነብበው?»

ዘበኛው ወረቀቱን አጥፎ በሁለት እጁ መለሰላት።

«ጋዜጣ ዘርግቶ ሲኮራ ለኖረ ሰው፣ አላነብም ማለት ሞት ነው እትዬ» አላት ቀስ ብሎ። «አፈርኩ። ለመሆኑ ይሄንን የጻፈው ማነው?»

ዞር አለች። ወንበሩ ላይ የባሏ ኮት ብቻ ተንጠልጥሏል።