ባለ ጉድጓዷ

በሰሜን ዋልታ ዳር ያለው የምርምር ጣቢያ ጄኔሬተሩ ተቃጠለና ማቀዝቀዣው ቆመ። ተመራማሪዋ በመሰርሰሪያ ከበረዶው ሆድ ያወጣችውን፣ የሺህ ዓመት የአየር ጠባይ የሚነበብበትን የበረዶ ዘንግ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ወደ መንደሩ ሮጠች። እየቀለጠ ክንዷን ያርሰዋል። የቀራት ተስፋ አንድ ነው፤ የመንደሩ አሮጊት ከአያቶቻቸው የወረሱት፣ ከዓመት እስከ ዓመት በረዶ ሆኖ ሥጋ የሚያቆይላቸው ጉድጓድ።

አሮጊቷን መንገድ ላይ አገኘቻቸው።

«እማማ፣ በሞቴ ጉድጓድዎን ይክፈቱልኝ! ይሄ ከቀለጠ የዕድሜ ልክ ልፋቴ አለቀ!»

አሮጊቷ በትከሻቸው የተሸከሙትን የአጋዘን ሥጋ ቀስ ብለው አወረዱ።

«ጉድጓዱማ ውሃ ሞላው፣ ልጄ። እኔም ማቀዝቀዣችሁ ውስጥ አስቀምጡልኝ ልላችሁ እየመጣሁ ነበር።»